ከአማተር ፎቶ አንሺ የቀሩ የድሮ ፊልሞችን ስካን ማድረግና መጠገን

ከአማተር ፎቶ አንሺ የቀረ የፊልም ሣጥን ሲከፈት በሥርዓት የተደረደረ ማኅደር ብዙ ጊዜ አይገኝም። በፎቶ ቤት ፖስታ የታጨቁ የኔጋቲቭ (ብርሃንና ጨለማው የተገለበጠ ፊልም) ቁራጮች፣ በካርቶን የታቀፉ ስላይዶች (ምስሉ ሳይገለበጥ እንዳለ የሚታይባቸው ፊልሞች)፣ ጠርዛቸው የተጠቀለለ የታጠቡ ፎቶዎች፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ያልታጠቡ ጥቅሎች ተደባልቀው ይቆያሉ። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ለይቶ መደርደር ያምረዋል፤ ነገር ግን በፖስታው ላይ የተጫረው ጽሑፍ፣ ቁራጮቹ አብረው የተቀመጡበት ሁኔታ፣ በስላይዱ ካርቶን ላይ የታተመው ወርና ዓመት ሁሉ ማስረጃ ስለሆኑ፣ አንዴ ከተበተኑ መልሶ ማገጣጠም እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ አንዲት ቁራጭ እንኳ ከቦታዋ ሳትነሣ ሣጥኑን እንዳለ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ለእያንዳንዱም ፖስታ ቁጥር ሰጥተው በለስላሳ እርሳስ በፖስታው ላይ ይጻፉት። በፊልሙም ሆነ በታጠበው ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ከቶ አይገባም።

ሥራውን ፎቶ በፎቶ ሳይሆን ጥቅል በጥቅል ማሰብ ይጠቅማል። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያሉት የፍሬም (የእያንዳንዱ ምስል) ቁጥሮች የትኛው ፎቶ ከየትኛው በፊት እንደተነሣ ይናገራሉ፤ አንድ ፊት ብቻ የሚታይበት ፎቶ የት እንደተነሣ ባይታወቅ እንኳ፣ ከእሱ በፊትና በኋላ ያሉት ፍሬሞች ቤቱን ወይም መንገዱን ያሳዩ ይሆናል። አማተር ፎቶ አንሺ ፊልሙን ቆጥቦ ስለሚጠቀም፣ አንዱ ጥቅል በአንድ በዓል ተጀምሮ ከወራት በኋላ በሌላ ሊያልቅ እንደሚችልም ልብ ይበሉ። በስላይድ ካርቶን ላይ የታተመው ቀን ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ፎቶው የተነሣበት አይደለምና፣ ያንን ቀን «ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም» የሚል ወሰን አድርጎ መውሰድ ይሻላል። ጥቅሉ ሌላም አገልግሎት አለው፤ ጊዜ ያበላሸውን ነገር ፎቶ አንሺው ራሱ ከሠራው ነገር ለይቶ የሚያሳየው እሱ ነው። ወደዚህ ጉዳይ ስለ ጥገናው ስናነሣ እመለስበታለሁ።

የፊልሙን ዓይነትና ጤንነት ማወቅ

ከማንኛውም ነገር አስቀድሞ የፊልሙን መሠረት ይለዩ። በድሮ ዘመን የተመረቱ አንዳንድ ፊልሞች በሴሉሎስ ናይትሬት ላይ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ይህ ቁስ በቀላሉ የሚቀጣጠልና ሲያረጅ ወደ ቢጫነት ተለውጦ የሚጣበቅ ነው። ኮዳክ የናይትሬት ፊልም ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1951 ገደማ ነው። በጠርዙ ላይ «ሴፍቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ፊልሙ ከናይትሬት አይደለም ማለት ነው፤ ጽሑፉ የሌለበት፣ ዕድሜው የገፋና የሚጣበቅ ፊልም ካጋጠመዎ ግን ከሙቀትና ከእሳት አርቀው ለብቻው ያስቀምጡትና የማኅደር ባለሙያ ያማክሩ።

ከናይትሬት በኋላ የመጣው አሲቴት እንደ ናይትሬት በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ የራሱ ደዌ ግን አለው። ሲበሰብስ አሴቲክ አሲድ ስለሚያወጣ የኮምጣጤ ሽታ ይሸታል፤ አሲዱም ብስባሱን ይበልጥ ያፋጥናል፣ አጠገቡ ወዳሉት ጤነኛ ፊልሞችም ይዛመታል። እንዲህ ያለው ፊልም ቀስ በቀስ እየተኮማተረና እየተቆለመመ ስለሚሄድ፣ ሣጥኑ ሲከፈት ኮምጣጤ የሸተተው ፖስታ በውስጡ ያለው ፎቶ ምንም ይሁን ምን የመጀመሪያው ተራ ለእሱ ይሰጠው፤ ከሌሎቹም ይለይ። የጊዜ ሰሌዳዎን በኮምጣጤ ሽታ መወሰን እንግዳ ቢመስልም ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም።

ያልታጠቡ ጥቅሎችን በማወቅ ጉጉት አይክፈቱ። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ወደ ቆርቆሮው ውስጥ የገባ ከሆነ ፎቶ ተነሥቶበታል ብሎ መገመት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ሲ-41 በተባለው ዘዴ የሚታጠቡ ባለቀለም ፊልሞች ዛሬም ይታጠባሉ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘዴዎች የሚታጠቡት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፉት በጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። የኮዳክሮም (የኮዳክ ስላይድ ፊልም) የቀለም እጥበት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ስለተቋረጠ እሱም ከዚሁ ይመደባል።

ማጽዳት

ስካን ከመደረጉ በፊት በእጅ የተነሣ አቧራ በኋላ በኮምፒውተር ከሚፈጀው ሰዓት ብዙ ይቆጥባል። የሚያስፈልገው መሣሪያም ጥቂት ነው፦ ብናኝ የማይተው ጓንት፣ በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ አየር መንፊያ፣ እጅግ ለስላሳ የሆነ ብሩሽ። ፊልሙን ሁልጊዜ በጠርዙ ይያዙት። በአፍ አይንፉበት፤ ከትንፋሽ ጋር የሚወጣው እርጥበት ጠብታ ሆኖ ምስሉ ላይ ያርፋልና።

ፊልም ሁለት ገጽ አለው። አንጸባራቂው ገጽ ፕላስቲኩ ሲሆን፣ ደብዘዝ ያለው ገጽ ምስሉን የያዘው የጄላቲን ንብርብር ነው። የጣት አሻራ በፕላስቲኩ በኩል ብቻ ካለ፣ ከ98 በመቶ በላይ ንጹሕ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ በረጠበ ብናኝ አልባ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማንሣት ይቻላል፤ ይኸውም በማያስፈልግ ፍሬም ወይም በጥቅሉ ባዶ ጫፍ ላይ አስቀድሞ ከተሞከረ በኋላ ነው። በጄላቲኑ ላይ ሻጋታ ከታየ ግን ውሃ ማስነካት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሻጋታ ጄላቲኑን አዳክሞ በውሃ እንዲሟሟ ያደርገዋልና፣ ሊጠርጉት ያሰቡት ምስል ከነሻጋታው ተጠርጎ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ፊልም ደረቅ ቦታ አስቀምጠው፣ እንዳለ ስካን አድርገው፣ የሻጋታውን ምልክት በኮምፒውተር ማንሣት ይሻላል።

የዳሰሳ ዙር

እስቲ እናስላው። 50 ጥቅል እያንዳንዱ 36 ፍሬም ቢኖረው 1,800 ፍሬም ይሆናል፤ ለአንዱ ፍሬም 5 ደቂቃ ብቻ ቢወስድ እንኳ 150 ሰዓት ማለት ነው፤ ያውም ጥገናው ሳይቆጠር። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ጥቅል ላይ በከፍተኛ ጥራት ጀምሮ በሦስተኛው ላይ የሚተወው ይህን ስሌት ስላላሰላ ነው። የምመክረው መንገድ ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱን የኔጋቲቭ ቁራጭ በብርሃን ሰሌዳ ላይ ዘርግተው፣ ጠርዙና የፍሬም ቁጥሩ እንዲታይ አድርገው፣ በስልክ ካሜራም ቢሆን አንድ አንድ ፎቶ ያንሡና በኮምፒውተር ብርሃንና ጨለማውን ገልብጠው ይመልከቱ። ጥቂት ምሽቶች በቂ ናቸው፤ ሲያልቅም የጠቅላላው ሣጥን ካርታ በእጅዎ ይገባል። በሁለተኛው ዙር በሙሉ ጥራት የሚሠሩትን ፍሬሞች ከዚያ ካርታ ላይ ይመርጣሉ።

በዚህ ምርጫ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የደበዘዘውን፣ የዘመመውን፣ ጣት የገባበትን ፍሬም «የማይረባ» ብለው ከዳሰሳው ጭምር አያውጡት። ከተከታታይ አምስት ፍሬሞች አራቱ ቢበላሹ፣ ፎቶ አንሺው ያንን ነገር አምስት ጊዜ ሞክሮ እንደነበር የሚታወቀው በእነዚያ በተበላሹት ነው።

ስካነር ወይስ ካሜራ

ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ፍሬም 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። በ2,400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ስካን ቢደረግ ወደ 7.7 ሜጋፒክስል፣ በ4,000 ዲፒአይ ደግሞ ወደ 21 ሜጋፒክስል ይሰጣል። በጠፍጣፋ ስካነር ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው 6,400 ዓይነቱ ቁጥር ሊያታልል አይገባም፤ መሣሪያው በእርግጥ ለይቶ የሚያየው ዝርዝር የዚያ ቁጥር ግማሽ እንኳ የማይደርስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ፋይሉን ከማግዘፍ ያለፈ ፋይዳ የለውም። በሌላ በኩል፣ በቀላል ሌንስ፣ በእጅ ተይዞ የተነሣ የአማተር ፎቶ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛ 2,400 ዲፒአይ በላይ የሚያወጣ ዝርዝር የለውም። በዚህ ምክንያት ለ6 በ6 ሳንቲ ሜትርና ለሌሎች ትላልቅ ፊልሞች ጥሩ ጠፍጣፋ ስካነር ይበቃል እላለሁ፤ ለ35 ሚሊ ሜትር ግን የፊልም ስካነር ወይም ካሜራ ይመረጣል። ለታጠቡ ፎቶዎች 600 ዲፒአይ ከበቂ በላይ ነው፤ ኔጋቲቩ በእጅ ካለ ደግሞ ምንጊዜም ከታጠበው ፎቶ ይልቅ ከኔጋቲቩ ይሥሩ።

ካሜራ ያለው ሰው በማክሮ (እጅግ ከቅርብ በሚያነሣ) ሌንስ ፊልሙን መልሶ ፎቶ ማንሣት ይችላል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም (ዳሳሹ የ35 ሚሊ ሜትር ፍሬም ያህል የሆነ) ካሜራ ፊልሙን በአንድ ለአንድ መጠን ሲያነሣ ከ4,000 ዲፒአይ ጥቂት የሚበልጥ ውጤት ይሰጣል፤ ፍጥነቱም ከስካነር እጅግ ይበልጣል። ጉዳዩ ሁሉ ያለው በአቀማመጡ ላይ ነው። ካሜራው ከፊልሙ ጋር ፍጹም ትይዩ መሆን አለበት፤ ይህን ለማረጋገጥ ትንሽ መስታወት በፊልሙ ቦታ ጠፍጣፋ አድርገው ያኑሩና በካሜራው ይመልከቱ፤ የሌንሱ ምስል ልክ መሐል ላይ ከታየ ትይዩ ነው። የብርሃን ምንጩ የቀለም ታማኝነት መለኪያው (ሲአርአይ) 95 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ፊልሙም ከብርሃኑ ገጽ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አለዚያ በገጹ ላይ ያለው አቧራና ነጠብጣብ አብሮ ይነሣል። ከፍሬሙ ውጪ የሚያመልጠውን ብርሃን በጥቁር ካርቶን ይሸፍኑ፤ ክፍሉንም ያጨልሙ። ከዚያ በኋላ ዝቅተኛውን አይኤስኦ (የካሜራውን የብርሃን ስሜት)፣ ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8 ያለውን የሌንስ ቀዳዳ፣ የሰዓት ቆጣሪውንና የሮው ፋይልን (ካሜራው ያላስተካከለውን ጥሬ ምስል) ይምረጡ። የብርሃን መጠኑን አንዴ በእጅ አስተካክለው ለጠቅላላው ጥቅል አይቀይሩት፤ ካሜራው በየፍሬሙ በራሱ እንዲወስን ከተተወ፣ በጥቅሉ ፍሬሞች መካከል የነበረው ልዩነት ይጠፋል።

ስካነር የሚጠቀም ሰው ደግሞ «አውቶማቲክ» የሚለውን ሁሉ ቢያጠፋ ይሻለዋል። በአንድ ቀለም 16 ቢት ይምረጡ፤ 8 ቢት በአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ 16 ቢት 65,536 ይይዛል፤ የደበዘዘ ፊልም ቀለም በኮምፒውተር ሲዘረጋ ይህ ልዩነት ሰማዩ ላይ በግልጽ ይታያል። በቲፍ (ከምስሉ ምንም ሳይጥል በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የተቀመጠ የ4,000 ዲፒአይ ባለ 16 ቢት ፍሬም ወደ 128 ሜጋባይት ይመዝናል፤ ዲስክ ሲገዙ ይህን ያስሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ብዙ ጥቅሎች በጄፔግ (ምስሉን ጨምቆ በሚያሳንስ የፋይል ዓይነት)፣ ስካነሩ ራሱ ባስተካከለው ቀለም አስቀምጬ ነበር፤ ጥላው ውስጥ የነበረው ሁሉ ተቆርጦ ስለቀረ እንደገና ከመጀመሪያው ሠራሁት።

የአቧራ ማንሻ ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ ብርሃን) ያላቸው ስካነሮች ድንቅ ሥራ ይሠራሉ፤ ሆኖም በየትኛው ፊልም ላይ እንደሚሠሩ ማወቅ ያስፈልጋል። በባለቀለም ፊልም ላይ ያለው ቀለም ኢንፍራሬድን ስለሚያሳልፍ፣ የሚከለክለው አቧራና ጭረት ብቻ ተለይቶ ይወጣል። በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉ ራሱ ብር ነው፤ ብር ደግሞ እንደ አቧራው ኢንፍራሬድን ይከለክላል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ የሰውን ፊት እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሊያነሣው ይሞክራል። ለጥቁርና ነጭ ያጥፉት፤ በኮዳክሮም ላይም ውጤቱን ሳይመረምሩ አይመኑት።

ኔጋቲቩን መገልበጥ

ባለቀለም ኔጋቲቭ ብርቱካናማ የሚመስለው ያረጀ ሆኖ አይደለም፤ በቀለሞቹ ውስጥ ያለውን ጉድለት ለማካካስ በፋብሪካው ሆን ተብሎ የተጨመረ ሽፋን ስላለው ነው። ምስሉ እንዲሁ ቢገለበጥ ሁሉ ነገር ሰማያዊ ይሆናል። መፍትሔው በሁለት ፍሬሞች መካከል ያለውን፣ ምንም ፎቶ ያልተነሣበትን ባዶ ክፍል አብሮ ስካን አድርጎ የዚያን ቀለም እንደ መነሻ መውሰድ ነው። በነፃ የሚገኘው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ዳርክቴብል «ኔጋዶክተር» የሚባል ለዚሁ የተሠራ ክፍል አለው፤ የስካነር ፕሮግራሙ ቪውስካንም የፊልሙን መሠረት ቀለም ቆልፎ ለሙሉ ጥቅል መጠቀም ያስችላል። የተቆለፈው መነሻ ለሚቀጥለው ጥቅል አይሠራም፤ እንደ አዲስ መለካት አለበት።

ጥገና

ያልተነካውን ስካን ለብቻው ካስቀመጡ በኋላ ጥገናውን በቅጂ ላይ ይጀምሩ። እዚህ ላይ የምከተለው ደንብ አንድ ነው፤ ጊዜ ያበላሸውን እጠግናለሁ፣ ፎቶ አንሺው የሠራውን አልነካም። ደንቡ ለመናገር ቀላል ቢሆንም ሁለቱን ለመለየት ዓይን ይጠይቃል፤ ጥቅሉ የሚረዳውም እዚህ ነው። በጥቅሉ ያሉት ፍሬሞች በሙሉ አንድ ዓይነት ቀይ ዝንባሌ ካላቸው፣ ቀለሙ በዕድሜ ተለውጧል ማለት ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ሞቅ ያለ ከሆነ ግን የዚያ ሰዓት ብርሃን፣ ምናልባትም ምሽት፣ ይሆናል። በርካታ ፍሬሞችን አቋርጦ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጭረት በካሜራው ወይም በእጥበቱ ጊዜ የተፈጠረ ነው፤ በአንድ ፍሬም ላይ ብቻ ያለ የተጠማዘዘ ጭረት ግን ከዚያ በኋላ ሰው ሲነካካው የመጣ መሆኑ አይቀርም። በየፍሬሙ በአንድ ቦታ እየደጋገመ የሚታይ የብርሃን ፍንጣቂ ደግሞ በካሜራው አካል ላይ ካለ ስንጥቅ የገባ ብርሃን ነው፤ እኔ እሱን ብዙ ጊዜ እተወዋለሁ፣ ያንን ካሜራ ከሌሎች የሚለየው ፊርማው ነውና።

ለደበዘዘ ቀለም ጠቅላላውን ምስል በአንድ ማዞሪያ ከማሞቅና ከማቀዝቀዝ ይልቅ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ በሂስቶግራሙ (የብርሃንና የጨለማውን ስርጭት በሚያሳየው ሥዕል) ላይ ያስተካክሉ። ብዙ የድሮ ስላይዶች ወደ ቀይና ማጀንታ (ቀይ ሐምራዊ) የሚያደሉት በጨለማ ሣጥን ውስጥም ቢቀመጡ ሲያኑ (ሰማያዊ አረንጓዴው) ቀለም ቀድሞ ስለሚከስም ነው፤ ስለዚህ የጠፋው ሲያኑ መሆኑን አውቆ የእያንዳንዱን ቀለም ጫፎች መልሶ መዘርጋት ግማሹን ሥራ ይሠራል። ከዚያ በኋላ በምስሉ ውስጥ ግራጫ መሆን ያለበትን ነገር፣ ለምሳሌ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት፣ እንደ መመሪያ ይውሰዱ። ጥርስና ያረጀ ነጭ ሸሚዝ መመሪያ አይሆኑም፤ ሁለቱም ከመነሻቸው ቢጫነት አላቸው።

አቧራና ጭረትን በፎቶሾፕ ወይም በጂምፕ ውስጥ በአዲስ ባዶ ንብርብር ላይ፣ ምስሉን በ100 በመቶ አጉልተው፣ ከአንዱ ጥግ ጀምረው ረድፍ በረድፍ ያንሱ። ለሰማይና ለግድግዳ የማዳኛ ብሩሹ ይበቃል፤ ጠርዝ ባለበት፣ ለምሳሌ ጭረቱ የሰውን ጉንጭና ከኋላው ያለውን ዛፍ በሚያቋርጥበት ቦታ፣ ከሌላ ቦታ ቀድቶ የሚለጥፈው የክሎን መሣሪያ በትንሽ መጠን የተሻለ ነው። የፊልሙን ቅንጣት እንደ ጉድለት አይቁጠሩት፤ ምስሉ የተሠራው ከእሱ ነው። ቅንጣቱን አጥፍቶ ጠርዙን የሚያሳላ ፕሮግራም ቆዳን እንደ ሰም ያደርጋል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፊትን «የሚያጠሩ» መሣሪያዎች ደግሞ ያልነበረ ዓይንና ቅንድብ ፈጥረው ያስገባሉ፤ የተገኘው ፊት ቢያምርም የዚያ ሰው ፊት መሆኑ ቀርቷል። መጠቀም የግድ ከሆነ ውጤቱ ተለይቶ፣ በስሙም ላይ ተጽፎበት ይቀመጥ።

ከራሴ ስሕተቶች አንዱን ልጨምር። ቤተሰቦች በአትክልት ቦታ በቆሙበት አንድ ፎቶ ላይ ከታች በኩል ሣሩ ላይ የተጋደመ ረጅም ጥላ ነበር፤ ምስሉን ያበላሻል ብዬ በጥንቃቄ አጠፋሁት፣ በሥራዬም ኮርቼ ነበር። ጥቅሉን በሙሉ ከጨረስኩ በኋላ ነው ፎቶ አንሺው በ36ቱ ፍሬሞች ውስጥ በአንዱም እንደሌለ፣ ያ ጥላም የእሱ መሆኑን የተረዳሁት። ያልተነካው ስካን ባይኖር ኖሮ እንደገና ፊልሙን መፈለግ ነበረብኝ።

ስያሜና ማስቀመጫ

ፋይሎቹን በጥቅልና በፍሬም ቁጥር ብቻ ይሰይሙ፤ 007-12 ማለት ሰባተኛው ጥቅል፣ በጠርዙ ላይ 12 የተጻፈበት ፍሬም ይሆናል። የተገመተ ዓመት በፋይል ስም ውስጥ አይግባ፤ ግምት ይለወጣል፣ ስም ግን በየቦታው ተቀድቶ ይቀራል። ቀኑ፣ ቦታውና የሰዎቹ ስም በፋይሉ ውስጥ ባለው የመግለጫ ክፍል ይጻፍ። ያልተነካው ቲፍ፣ የተጠገነው ቲፍና ለመላኪያ የሚሆነው ጄፔግ በሦስት የተለያዩ ማኅደሮች ይቀመጡ፤ ከሁሉም ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጪ።

ፊልሙን ስካን ከተደረገ በኋላ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። ፒቪሲ ከሆነው ላስቲክ አውጥተው በፖሊፕሮፒሊን ወይም በፖሊስተር ከረጢት ያስገቡት፤ ቀዝቀዝ ባለና የአየር እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ በሆነ ቦታ ያኑሩት። የቀድሞው ፖስታ ጽሑፍ ካለበት አብሮት ይቀመጥ።

የሚቀረው ፎቶዎቹን ለሚያውቁ ሰዎች ማሳየት ነው። በስልክ ላይ ከማሳየት ይልቅ የአንድን ጥቅል ፍሬሞች በቅደም ተከተል፣ ከነቁጥራቸው፣ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አትመው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉላቸው፤ አንዱ ፍሬም የሌላውን ትዝታ እየሳበ ያመጣልና። የሚሉትን በድምፅ ይቅዱ፣ ማን መቼ እንደተናገረውም ይጻፉ። ስለ አንድ ፊት ሁለት ሰዎች ሁለት ስም ከሰጡ ሁለቱንም ያስፍሩ።